ስለ ሲጃራና ስለ ቆራጥነት፤ ለጓደኛችን የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም «ቆራጥ ሰውና ሲጃራ» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ያነበብሁት ሲጃራ ባቆምሁ በሦስተኛው ቀን ነበርና ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልሁት። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት ግን በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፥ የክፍሌ ልጅ ከመሬት አንሥቶ ካቃናው ወረቀት ላይ፥ በረጋ መንፈስ ነው። ንዴቴ ከሱሱ የመጣ ይሁን ከጽሑፉ ለመለየት ይህን ያህል መታገሥ አስፈልጎኛል። አሁን እንደ ገባኝ ከሁለቱም ነበር።

የጓደኛችን ክርክር በአጭሩ ይህ ነው። የሚያጨስ ተማሪ ፈቃዱ የላላ ነው፤ ቆራጥ የሆነ ሰው ፓኮውን ጨፍልቆ ጥሎ በዚያው ይገላገላል፤ «ሦስት ቀን ታመምሁ፥ ተነጫነጭሁ» የሚል ሰው ማሳበቢያ የሚፈልግ ነው፤ ስለዚህም ማኅበራችን ለሚያቆሙ ተማሪዎች ርዳታ ይሰጥ ብሎ ለክሊኒኩ ማመልከቻ ማቅረቡ ጊዜ ማባከን ነው። ጸሐፊው ራሱ አንድም ቀን ጢሱን ቀምሶ እንደማያውቅ በኩራት ገልጾልናል። እሰየው! ይሁን እንጂ ይህ፥ ወንዝ ገብቶ የማያውቅ ሰው ከዳር ቆሞ ውሃ የሚወስደውን ሰው ስለ ዋና ሲገሥጸው ይመስላል።

እንግዲህ ተከሳሹ ይናገር። ማጨስ የጀመርሁት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፥ አንዲቱን ፍሬ ለሦስት ተካፍለን ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን አልክድም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በቀን አምስት ስድስት አጨስ ነበር፤ በፈተና ሰሞን ግን ሃያው ፍሬ፥ ማለት አንድ ሙሉ ፓኮ፥ እስከ እኩለ ሌሊት አያደርሰኝም ነበር። ለማቆም ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ወድቄአለሁ። የመጀመሪያው ሙከራ የቆየው 31 ሰዓት ነው። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አበቃ። ይህን የምጽፈው በሦስተኛው ሙከራዬ በ19ኛው ቀን ነው። ታዲያ በፊተኞቹ ሁለት ጊዜያት ያልነበረኝ ቆራጥነት በሦስተኛው ጊዜ ከየት መጣልኝ? ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ይበቃዋል። አንጎል ውስጥ የሚቀበሉት በሮች አሉ፤ ሰው ማጨሱን በቀጠለ ቁጥር የበሮቹ ብዛት ይጨምራል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ያህል በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ያጨሰ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲነቃ፥ ማታ የነበረው ከ16 እጅ አንዱ እጅ ብቻ ቀርቶታል። አጫሽ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ክብሪት የሚፈልገው ባለጌ ስለ ሆነ አይደለም። ያቆመ ዕለት በሮቹ እንደ ተከፈቱ ይጠብቃሉ፤ የሚገባባቸው ግን የለም። ቁጣ፥ መቅበጥበጥ፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ረኃብ፥ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፥ የሆድ ድርቀት ሳይቀር ተከታትለው ይመጣሉ። ሕመሙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከሁሉ ይበረታል፤ ከዚያ ወዲያ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም ባወጡት ዘገባ፥ ኒኮቲን ሰውን የሚይዝበት መንገድ ሄሮይንና ኮኬይን ከሚይዙበት መንገድ ጋር እንደሚመሳሰል አስታውቀዋል። ጓደኛችን ለሄሮይን ሱሰኛም «ጨክነህ ተወው» የሚል ጽሑፍ ይጽፍለት ይሆን?

የመጀመሪያው ቀን ያን ያህል አይከብድም። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ጀግና ነው። ፓኮውን ጨፈለቅሁ፤ ላይተሬን ለዘበኛው ሰጠሁ፤ ጃኬቴን አጠብሁ፤ መተርኮሻ ያደረግናትን የሳርዲን ቆርቆሮ ከመስኮቱ ላይ አንሥቼ ጣልሁ። ጓደኛችን የሚያውቀው ቆራጥነት ይህ ነው፤ እርሱም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል።

በሁለተኛው ቀን ላይ ስለ ቡና ልናገር፤ ይህን የሚነግረን ሰው የለምና። የሲጃራ ጢስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ጢሱ ሲቀር ጉበት ወደ ተፈጥሮ እርምጃው ይመለሳል፤ ስለዚህ ያው የለመድነው የቡና ልክ በደም ውስጥ እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት የለመደ አጫሽ ባቆመ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ፥ ልቡ ሲደልቅ፥ ሌሊቱን ዓይኑ ሲፈጥ «ይኸው ሲጃራ ማቆሜ ሊያሳብደኝ ነው» ይላል። ከዚህ ብዙው የቡናው ሥራ ነው። ሁለተኛውን ሙከራዬን ያበላሸብኝ ይህ ይመስለኛል፤ ሲጃራውን ይተካልኛል ብዬ ቡናውን በቀን ወደ አምስት ስኒ አሳድጌው ነበር። ዘንድሮ ወደ አንድ ስኒ ቀነስሁት፤ ያንኑም ጠዋት። ይህ ቆራጥነት አይደለም፤ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ደግሞ ለመማር በመጣንበት ቦታ ልናገኘው የሚገባ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንዱን የስታቲስቲክስ ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ አንድ ቃል አልገባኝም። መጽሐፉን ዘግቼ ክፍሌ ስገባ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ጀሪካኑን ባዶ ትቶት ሄዷል። በእኛ ሕንፃ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ ለምታውቁት አልተርክላችሁም። ሲመለስ የተናገርሁትን እዚህ መጻፍ አልደፍርም፤ ስለ ጀሪካኑ ጀምሬ ስለ ወላጆቹ ጨረስሁ። ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረ፥ ወባ ይዞኝ ሳለ ሾርባ በእጁ ያጠጣኝ ልጅ ነው! ማታ ደግሞ እናቴ ደወለች። «ልጄ፥ ድምፅህ ምን ሆነብኝ?» አለችኝ። ምንም አልሆንሁም ብዬ ዘጋሁባት። ማጨሴን ስለማታውቅ ማቆሜንም ልነግራት አልችልም።

በዚህ ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው አንድ ነገር አሳምሮ ያውቃል። አንዲት ፍሬ ሲጃራ ይህን ሁሉ በሴኮንዶች ውስጥ ታስተካክልለታለች። ገጹ ይገባዋል፤ ጓደኛውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለእናቱ መልሶ ይደውላል። እንግዲህ አጫሹ ወደ ሲጃራው የሚመለሰው ክፉ ለመሆን ሳይሆን ደግ ለመሆን ነው! ስንፍና የመሰለው ነገር ብዙ ጊዜ ይህ እንደ ሆነ ጓደኛችን በጽሑፉ አላሰበውም። እርግጥ ነው፥ ይህ ደግነት ብድር ነው፤ ያውም የአራጣ ብድር። ሲጃራ ጠዋት ያበደረህን ሰላም ከሁለት ሰዓት በኋላ ከነወለዱ ይጠይቅሃል፤ አንተም ወለዱን ለመክፈል ሌላ ትበደራለህ። ካቆሙ ወራት ያለፋቸው ሰዎች ሲጠኑ ከማጨሳቸው ዘመን ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይህን የሚነግርህ አታገኝም።

ሐራራ ሲመጣ የማያልፍ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። እኔ በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ አራት ደቂቃ፥ አምስት ደቂቃ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ሰባት። ብታጨስም ባታጨስም ያልፋል። ስለዚህ «ይህ ሰው ቆራጥ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ፍሬ የለውም። መጠየቅ ያለበት «በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ በአጠገቡ የቆመው ማን ነው?» ተብሎ ነው።

እስቲ ማን እንደ ቆመ እንይ። በግቢው በር ላይ ሱቅ በደረቴ ቆሟል፤ ፓኮው ተከፍቶ፥ ላይተሩ በክር ተንጠልጥሎ፥ በፍሬ ይሸጣል። በልጁ አልፈርድም፤ እርሱም ለእንጀራው ነው። ግን አስተውሉ፤ ፓኮ መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፥ ሐሳብ ይጠይቃል፥ ሰው በመንገድ ላይ ሊጸጸት ይችላል። አንዲት ፍሬ ግን ከጸጸት ትፈጥናለች።

ከሱቅ በደረቴው ቀጥሎ የቆምነው እኛው ነን። «ወንድሜ፥ አንዴ ሳብ እስቲ፤ አትሞትም!» «ደግሞ መነኮስህ?» «ስንት ቀን እንደምትቆይ እናያለን።» በሁለተኛው ሙከራዬ ጊዜ ጓደኞቼ በገንዘብ ተወራርደውብኝ ነበር። ከሦስት ቀን አያልፍም ያለው ልጅ አሸነፈና በበላው ገንዘብ ፓኮ ገዝቶ የመጀመሪያዋን ለእኔ ለኰሰልኝ። ጠላቴ አይደለም፤ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። በዚያች ማታ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ የሳቅነው ሳቅ ግን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ይህን የምታነቡና ያደረጋችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እኅቶቻችንንም እንዳንረሳ። ሴት ተማሪ ስታጨስ ተደብቃ ነው፤ ስለዚህ ስታቆምም ተደብቃ ነው። እኔ ቢያንስ «ሲጃራ አቁሜ ነው፥ ታገሡኝ» ማለት እችላለሁ፤ እርሷ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አትችልም፤ መናገሯ ራሱ ስሟን ያስነሣዋልና። ሦስቱን ቀን ያለ ምክንያት የተቆጣች፥ ያለ ምክንያት ያለቀሰች ሆና ታሳልፋለች። ይህን ያወቅሁት አንዲት የክፍላችን ተማሪ እኔ ማቆሜን ሰምታ በሹክሹክታ «ስንተኛው ቀን ላይ ነው የሚቀለው?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። ጓደኛችን እርሷንም ፈቃዷ የላላ ይላት እንደ ሆነ ልስማው።

ከሕንፃው ጀርባ ስለሚቆመው የአጫሾች ክብም አንድ ነገር ልበል። በዚያ ክብ ውስጥ ስለ አገር ሀብትና ስለ ውጭ ካፒታል ያልተባለ ነገር የለም፤ እኔም ብዙ ብዬአለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. የመንግሥት ሞኖፖል ሆኖ የተቋቋመው የትምባሆ ድርጅታችን አብላጫ ድርሻ በማን እጅ እንደ ገባ ግን በክቡ ውስጥ አንድም ቀን ሲጠየቅ አልሰማሁም። አንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ በ2016 ዓ.ም. 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፥ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወደ 31 ከመቶ የሚጠጋውን በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ጎልማሳ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለመሆኑ ለነዚህ ለአምስቱ ተብሎ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ይወጣል? የተገዛው ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ገና ያልጀመረው ወጣት ነው፤ ከጀመረ በኋላም ሦስተኛውን ቀን መሻገር ያቃተው ወጣት ነው። ነጋዴው በሦስተኛው ቀን ላይ ይተማመናል።

እነዚህ ሰዎች የሚሸጡትን አያውቁም እንዳይባል ደግሞ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ሲጃራ ፋብሪካ የሕግ አማካሪ ኒኮቲን ሱስ የሚያስይዝ መሆኑንና ንግዳቸውም ይኸንኑ መሸጥ መሆኑን በምስጢር ማስታወሻው ጽፎ ነበር። ከዚያ ከ31 ዓመት በኋላ፥ በ1994 ዓ.ም.፥ ሰባት የሲጃራ ኩባንያ አለቆች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት እጃቸውን አንሥተው ከማሉ በኋላ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። በፍርድ ቤት ሲከሰሱም መከላከያቸው «አጫሹ በገዛ ምርጫው አጨሰ፤ መተው ቢፈልግ ይችል ነበር» የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ክርክር ባለፈው እትም ከወጣው ጽሑፍ በምን ይለያል? እነርሱ ለጠበቆቻቸው ስንት ሚሊዮን ይከፍላሉ፤ ጓደኛችን በነጻ ጻፈላቸው።

በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ስለ ጥብቅ ቅጣትም ያነሣል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፥ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ተብሎ ይተረካል። ትምባሆው ግን ይኸው አለ።

በአንድ ነገር ላይ ጓደኛችን እውነት አለው። ማንም በእኔ ፈንታ ሊያቆምልኝ አይችልም፤ የጀመርሁትም የምተወውም እኔ ነኝ። ነገር ግን ያለ አንዳች ርዳታ ለማቆም ከሚነሡ 100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሳያጨሱ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚወድቁት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። የቀሩት ዘጠና ስንቱ ሁሉ ፈሪዎች ናቸው ማለት ነው? እንዴት ያለ ፍርድ ነው! በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን መድኃኒትና የኒኮቲን ማስቲካ የመሳካቱን ዕድል በግማሽ ያህል ከፍ ያደርጉታል። የዓለም የጤና ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል። እኔ በአካባቢያችን ሦስት መድኃኒት ቤት ጠየቅሁ። ሁለቱ የለም አሉኝ፤ ሦስተኛው ሳቀ። ወደ ክሊኒክም ሄጄ ነበር፤ የተሰጠኝ ምክር ከጓደኛችን ጽሑፍ በሁለት ቃል ያጠረ ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ ማመልከቻ ይቅረብ፤ እንዲያውም ይጠንክር እላለሁ። ክሊኒኩ እነዚህን መድኃኒቶች ያስመጣ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ 21 ዓመት ላልሞላውም ትምባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ 21 ዓመት አልሞላቸውም፤ በበሩ ላይ ዕድሜያቸውን የጠየቃቸው ግን የለም። በካፌያችን ውስጥ «ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ወረቀት ሥር ሦስት ሰው ሲያጨስ ቆጥሬአለሁ፤ አንዱ የማኅበራችን ተመራጭ ነው። ስሙን ለጊዜው አልጠራም።

አሁን ደግሞ በሦስተኛው ሙከራ የተለወጠውን ልንገራችሁ። ከመጀመሬ በፊት ለክፍሌ ልጆች ነገርኋቸው። የኪስ ገንዘቤን ለሦስት ቀን እንዲይዙልኝ ሰጠኋቸው። በበሩ ላይ «ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምናገረውን አትስሙ» ብዬ ለጠፍሁ። የፈተና ሰሞን እስኪያልፍም ጠበቅሁ፤ ከፈተና ዋዜማ መጀመር ራስን ለመጣል መነሣት ነው። ጫት የሚቅሙ ጓደኞቼ ዘንድ ለሁለት ሳምንት አልሄድሁም፤ እዚያ ጢስ የሌለበት ከሰዓት በኋላ አላየሁምና። ለእጄና ለአፌ መፋቂያ ያዝሁ፤ ይህ ቀልድ ይመስላል፥ ነገር ግን ሐራራው ከሚፈልገው ግማሹን የሚፈልገው እጅ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ የረዳኝ ያ የጀሪካኑ ልጅ ነው። ወላጆቹን የሰደብሁበት ቀን ማታ ወጥቶ ሲሄድ ክፍል ሊቀይር ነው ብዬ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዞ ተመለሰና «ጫማህን አድርግ» አለኝ። የኳስ ሜዳውን ስንት ጊዜ እንደ ዞርነው አላውቅም፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ዞርን። ስለ ቆራጥነት አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ አጎቱ በሬ መጥፋትና ስለ መገኘቱ ነው ያወራልኝ፤ ረጅም ታሪክ ነበር፥ ሆን ብሎ እንዳስረዘመው ኋላ ገባኝ። በማግሥቱ ለእናቴ ደወልሁ።

ከሕንፃችን ሁለት ልጆች በሚመጣው ሰኞ ይጀምራሉ፤ ረቡዕ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በሜዳው ዙሪያ እየተፈራረቀ የሚያስኬዳቸው ሰው እንፈልጋለን፤ ቆሎ የሚያዋጣም ብናገኝ ደስ ይለናል። ጓደኛችንን በዚህ ጽሑፍ እጋብዘዋለሁ። ጢሱን ቀምሶ ስለማያውቅ ከሁላችንም ይልቅ ረጅም መንገድ ለመሄድ ሳንባው ይችላል፤ የሚያወራው ታሪክ ብቻ ይዞ ይምጣ።

ከሦስተኛ ዓመት ተማሪ